የድሮ ክላሲክ ፊልሞች የሚወራላቸውን ያህል ናቸው?

ጥያቄ፦ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» ጀምሬ አንድ ሰዓት ላይ አቆምኩት። እ.ኤ.አ. የ1954 ፊልም ነው፣ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እስካሁን ገበሬዎቹ መንደራቸውን ከሽፍታ የሚጠብቁላቸው ሳሙራይ (የድሮ የጃፓን ተዋጊዎች) መመልመል ላይ ናቸው! ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ 1፦ ኧረ ቀጥል! ምልመላው ዝም ብሎ አልረዘመም። እያንዳንዳቸውን ስለምታውቃቸው መጨረሻ ላይ በዝናብና በጭቃ ሲዋጉ አንዱ በወደቀ ቁጥር ያምሃል። ውጊያውን በብዙ ካሜራ ባንዴ ነው የቀረጸው፤ ፈረሱም ጭቃውም የምር ነው።

መልስ 2፦ ውጊያው ላይ እስማማለሁ፣ ግን ክላሲክ ስለተባለ ድክመቱን አንሸፋፍን። ሴቶቹ ቦታ የላቸውም፤ የገበሬው ልጅ ሺኖ እንኳ ከፍቅር ታሪኩ ውጭ ብዙም አትታይም። የተዋናዩ የሚፉኔ ጩኸትም አንዳንዴ ይበዛል።

መልስ 3፦ ያው ሚፉኔ ግን ገበሬዎቹን ሲሰድብ ቆይቶ፣ ድንገት ዞሮ «እንዲህ ያደረጋችኋቸው እናንተ ናችሁ» ብሎ ሳሙራዮቹን ሲወቅስ ያለው ቦታ ለእኔ ብቻውን ይበቃል። መሃል ላይ እረፍት አለው፣ ለሁለት ቀን ከፍለህ እየው።