አስቸኳይ፦ ለእርዳታ የገዛነው በቆሎ እርጥብ ሆኖ መጣ

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ቶሎ መልሱልኝ። መኪኖቹ በር ላይ ቆመዋል። መለኪያው 16 ይላል፣ ውላችን 13.5 ነው። እደላው ከ6 ቀን በኋላ ነው። ላራግፍ ወይስ ልመልስ?

ነገረኛው፦ 16 ምን? ሾፌር?

ጠያቂ፦ እርጥበት ነዋ! በመቶኛ። 200 ቶን በቆሎ፣ ከጎረቤት አገር የተገዛ።

መምህሩ፦ ረጋ በል። ከቅርብ መግዛት ያለ ምክንያት አልመጣም። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከሰሃራ በታች ላሉ 10 አገሮች ከአሜሪካ የተላከ እህል በአማካይ 147 ቀን ፈጅቷል። እዚያው አገር የተገዛው 35፣ ከአካባቢው አገሮች የተገዛው 41 ቀን። ስለዚህ...

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ሾፌሮቹ 147 ቀን አይጠብቁኝም።

ቶሎ ቶሎ፦ ፀሐይ ላይ አስጣው።

የመጋዘን ሰው፦ 200 ቶን የሚሰጣበት ሜዳ አለው? መጀመሪያ መለኪያህን ጠርጥር። ለስንዴ ተስተካክሎ በቆሎ ከለካህበት ይዋሻል። በሌላ መለኪያ ድገመው። ናሙናውን ከየመኪናው ውሰድ፤ ከላይ ካለው ጆንያ ብቻ ሳይሆን ከመሀልም ከታችም። ደረቁን አስገባ፣ እርጥቡን ለብቻ አቆየው። አንድ ላይ ከደረደርከው ይግላል፣ ይሻግታል።

ተጠራጣሪ፦ ጥፋቱ የበቆሎው አይደለም፣ የግዢው ነው። አዝመራ እንደተሰበሰበ ከገዛችሁ እርጥብ መምጣቱ ምን ይገርማል? ደግሞ ከትንሽ ገበያ 200 ቶን በአንዴ ስታነሱ ዋጋው ይንራል፤ የሚጎዳው ገዝቶ የሚበላው ድሃ ነው። ገንዘቡን ለተረጂው ብትሰጡት አይሻልም ነበር?

ጠያቂ፦ እዚህ ገበያው ባዶ ነው። ገንዘቡን ቀቅለው ይብሉት?

ቶሎ ቶሎ፦ ማስጣት ነው ያልኩት።

ላብራቶሪ፦ ማስጣት አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አያጠፋም። ሻጋታው መርዙን አንዴ ካመረተ ቢደርቅም ቢቀቀልም እዚያው ነው። ናሙናው ይመርመር። ውጤቱ ሳይመጣ አንድ ኪሎ እንዳታድል።

የመጋዘን ሰው፦ ልክ ነው። ክብደቱንም አስብ፤ ከ16 ወደ 13.5 ሲደርቅ 200 ቶኑ 194 ገደማ ይሆናል። ጉድለቱ የአቅራቢው እንዲሆን «ተረክቤያለሁ» ብለህ አትፈርም። የለካኸውን ቁጥር ጻፍ፣ ሾፌሮቹን አስፈርም፣ ለአቅራቢው ዛሬውኑ በደብዳቤ አሳውቅ። ለእደላው ደግሞ አጠገብህ ያለ ድርጅት ክምችት ካለው ተበደር፤ በእህል ትመልሳለህ።

ነገረኛው፦ ሾፌሮቹ ግን ምሳ በልተዋል?

ጠያቂ፦ በሌላ መለኪያ ደገምኩት፣ 14.9 አለ። አሁን የቱን ልመን?

ቶሎ ቶሎ፦ ፀሐይን።