ለሳይንስ ፌር፦ ኮንትሮል እና ቋሚ አንድ ናቸው እንዴ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ርዕሴ «ጨው የባቄላን መብቀል እንዴት ይለውጣል?» የሚል ነው። ሙከራው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የሚሞላው ቅጽ ነው። መላምት፣ ነፃ ተለዋዋጭ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ፣ ቋሚ፣ ኮንትሮል ይላል። አራት ሳህን አለኝ፤ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ። አንዱ ንጹህ ውሃ፣ ሌሎቹ በሊትር 3፣ 6 እና 12 ግራም ጨው ያለበት ውሃ። ቋሚም ኮንትሮልም የሚለው ቦታ ላይ «ንጹህ ውሃ» ብዬ ሞላሁ። ልክ ነኝ? መላምቴስ «ጨው ለዘር መጥፎ ነው» ቢሆን ይበቃል?

የላብራቶሪ ሰው፦
ልጄ፣ ሙከራሽን ደህና አድርገሽ ስለነደፍሽው መልሱ እዚያው ሳህኖችሽ ላይ አለ።

ከሳህን ሳህን ሆን ብለሽ የቀየርሽው የጨውን መጠን ብቻ ነው። ነፃ ተለዋዋጭሽ እሱ ነው። በ5ኛው ቀን ከ20ው ስንቱ በቀለ ብለሽ የምትቆጥሪው ደግሞ ጥገኛው።

ንጹህ ውሃው ኮንትሮል ነው፤ ማወዳደሪያሽ ማለት ነው። ባለ 12 ግራሙ ሳህን ላይ 7 ፍሬ ብቻ ቢበቅል ጥፋቱ የጨው ነው ወይስ ዘሩ አሮጌ ነው? በንጹህ ውሃም 8 ብቻ ከበቀለ ጨውን መክሰስ አትችይም።

ቋሚ የሚባሉት ሳህኖች አይደሉም። በአራቱም ላይ እኩል የምታደርጊያቸው ነገሮች ናቸው፦ የውሃው መጠን በሚሊሊትር፣ ሙቀቱ፣ የዘሩ ዓይነት፣ የሚቀመጡበት ቦታ። አንዱን መስኮት አጠገብ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጪ ሙቀቱም አብሮ ይለያያል፤ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅትሻል። ደግሞ ክደኛቸው! ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል፤ ባለ 6 ግራሙ ሳታስቢው 8 ሊደርስ ይችላል። ይህን አስበሽበት እንደነበር ብትነግሪያቸው ዳኞቹ ደስ ይላቸዋል።

የአምናው ተወዳዳሪ፦
መላምቱን እኔ ልመልስ። «መጥፎ» የሚባል ነገር አይለካም። «የጨው መጠን ሲጨምር በ5 ቀን የሚበቅሉት ፍሬዎች ቁጥር ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ዘሩ ውሃ መሳብ ይከብደዋል» በይ። ምክንያቱ ኦስሞሲስ ነው፦ ዘር ለመብቀል መጀመሪያ ውሃ መጥጦ ማበጥ አለበት፤ ዙሪያው ያለው ውሃ ጨዋማ በሆነ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል። ዳኛው «ለምን?» ማለቱ አይቀርም።

«በቀለ» የምትይውም መቼ እንደሆነ ወስኚ። ለምሳሌ ሥሩ 2 ሚሊሜትር ሲወጣ። አለበለዚያ ጠዋትና ማታ የተለያየ ቁጥር ትቆጥሪያለሽ።

አላፊ አግዳሚ፦
መላምቱ ከተሳካ ንድፈ ሐሳብ ሆነ ማለት ነው አይደል?

የላብራቶሪ ሰው፦
የለም። ንድፈ ሐሳብ ከብዙ አቅጣጫ በተደጋጋሚ የተፈተነ ሰፊ ማብራሪያ ነው፣ ለምሳሌ የዝግመተ ለውጥ። አራት ሳህን እዚያ አያደርስም።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያውን ቆጠራ ጨርሻለሁ፤ ንጹህ ውሃው 18፣ ባለ 3 ግራሙ 19፣ ባለ 6ቱ 13፣ ባለ 12ቱ 4። 19ኙ መላምቴን አፈረሰብኝ? ጓደኛዬ «17 አድርጊው» አለችኝ።

የላብራቶሪ ሰው፦
እንዳትነኪው። ከ20 ፍሬ የ1 ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ሙከራውን ሁለት ጊዜ ድገሚና አማካዩን አውጪ፤ ዳኞቹ ግን ሦስቱንም ቆጠራ ይዩ። ባለ 3 ግራሙ ያኔም ከንጹህ ውሃው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ፣ ያን ያህል ጨው ባቄላሽን ብዙም አልጎዳውም ማለት ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ማጠቃለያው ላይ «ተረጋገጠ» አትበይ፤ «ዳታው መላምቴን ይደግፋል» ወይም «አይደግፍም» በይ።

ስትደግሚ የጨውን መጠን የሳህኑ ጎን ላይ በማርከር ጻፊ። ክዳኑ ላይ ከጻፍሽው ክዳን ይቀያየራል።