ልጄ የባሕር ኃይል መርከብ ላይ ነው፤ 19 ቀን ድምፁ ጠፋ፤ አንድ ሰው ደግሞ ብር ላኪ ይለኛል

የአዘዞዋ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ልጄ ከአራት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት አሜሪካ አክስቱ ዘንድ ገባ፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀጠረ። ሥልጠናውን ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ግሬት ሌክስ በሚባለው ቦታ ጨርሶ አሁን መርከብ ላይ ተመድቧል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደውል የነበረ ልጅ ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው፤ ስልክም መልእክትም የለም።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰው በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ማዘር፣ እኔ የአቡሽ አለቃ ነኝ» ይላል። ልጄ ከመሰላል ወድቆ እግሩ እንደተሰበረ፣ ለፈቃድ ማስፈጸሚያና ለአውሮፕላን 85,000 ብር አዲስ አበባ ባለ የባንክ ሒሳብ እንዳስገባ ነገረኝ። የመርከቡን ስም ያውቃል። የቤት ስሙንም ያውቃል፤ አቡሽ የምንለው እኛ ብቻ ነን። ግማሹን ከቁጠባ ማኅበራችን ልበደር ስነሣ ታናሽ እኅቱ በር ላይ ቆማ ከለከለችኝ።

በዚህ ላይ እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ልጁን ያሳደገችው እርሷ ናት። ነገሩ ቢከፋ በምን መንገድ ላሳውቀው? ሌላም አለ፤ ጎረቤቴ «የመርከበኛ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍም» ብላ ተቆጣችኝ። እውነት ነው?

የፒያሳ ልጅ፣ ቺካጎ

እትዬ፣ ከሁሉ በፊት ይኸን ያንብቡ፤ አንድ ሳንቲም እንዳይልኩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አባል በዓመት 30 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለው፤ ፈቃድ በገንዘብ አይገዛም። ቢታመም ደግሞ የሚያሳክመው መንግሥት ነው። የወላጅን ቴሌግራም ፈልጎ ብር የሚጠይቅ አለቃ የለም፤ ያውም በአማርኛ! እኔ ስድስት ዓመት ሳገለግል አማርኛ የሚናገር አለቃ ቢገጥመኝ ኖሮ እግሩ ሥር በወደቅሁ ነበር።

አሁን ስለ ዝምታው። መርከብ ባሕር መካከል ሲሆን ግንኙነቱ በሳተላይት ነው፤ ደካማ ነው፣ በተራም ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ መርከቡ የሚያደርገው ነገር እንዳይታወቅ ሲፈለግ አዛዡ የመርከበኞቹን ኢንተርኔትና ስልክ በሙሉ ይዘጋል። እኛ «ሪቨር ሲቲ» ነበር የምንለው። ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ሳምንታትም ሊቆይ ይችላል፤ አስቀድሞም አይነገርም። ልጁ «ልዘጋ ነው» ብሎ ሊጽፍልዎ እንኳ አይችልም፤ መዘጋቱ ራሱ ወሬ ነውና። እናቴ እዚያው ቀበሌያችን ሆና 26 ቀን ስሜን ስትጠራ ከርማ፣ ለካ እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ድንች እየላጥሁ ነበር።

ስልክ ጠጋኙ፣ ቀበሌ 18

እማማ፣ ይኸ ሰው የሚያውቀውን ከየት እንዳገኘው ማወቅ እፈልጋለሁ። ፌስቡክ ላይ ስለ ልጅዎ የለጠፉትን ሁሉ ይንገሩኝ፤ አንድም ሳይቀር።

የአዘዞዋ እናት

ሦስት ነገር ብቻ ነው ልጄ። አንዱ ዩኒፎርም ለብሶ ኮፍያ አድርጎ የተነሣው ነው። ሁለተኛው አክስቱ በርበሬና ቆሎ ስትልክለት የካርቶኑን ፎቶ ነበር፤ አድራሻው የተጻፈበት። ሦስተኛው ጽሑፍ ነው፤ «ልጄ ከ12 ቀን በኋላ ወደብ ይደርሳል፣ በጸሎት አስቡልኝ» ብዬ የወደቡን ስም ጽፌያለሁ። አክስቱም ከሥሩ «አቡሽዬ፣ እመቤቴ ትከተልህ» ብላለች።

ስልክ ጠጋኙ፣ ቀበሌ 18

በቃ፣ ሌባው ከዚህ ሌላ ምንም አላስፈለገውም።

ኮፍያው ላይ የተጠለፈውን በጣትዎ ዘርግተው አጉልተው ይዩት፤ የመርከቡ ስምና ቁጥሩ ነው። የካርቶኑ አድራሻ ላይ «ኤፍ ፒ ኦ» የሚል አለ፤ የባሕር ኃይሉ ፖስታ ማለት ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የፖስታ ቁጥር ለእያንዳንዱ መርከብ የተለየ ስለሆነ ስሙ ባይጻፍም መርከቡን ያሳብቃል። የቤት ስሙን አክስቱ ሰጠችው። እርስዎ እናቱ መሆንዎን «ልጄ» ያሉት ነገረው። ስልክ ቁጥርዎ ደግሞ ገጽዎ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አሁን ገብቼ አይቼዋለሁ።

ዛሬውኑ ይኸን ያድርጉ። የካርቶኑን ፎቶና ቀን ያለበትን ጽሑፍ ያጥፉ፤ የአክስቱን አስተያየትም እርሷ ታጥፋ። ቴሌግራም ውስጥ «ግላዊነት» ከሚለው ገብተው ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ ያድርጉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም ያብሩ። ሰውየውን አይስደቡት፣ አይከራከሩት። የጻፈውንና የላከውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ከዚያ ይዝጉት። የሒሳብ ቁጥሩን ለባንኩና ለፖሊስ ይስጡ፤ ዋናው ማስረጃ እርሱ ነው። ካልሆነልዎ ሱቄ ብቅ ይበሉ፣ በነፃ አስተካክልልዎታለሁ።

የምጽዋው

እኅቴ፣ እኔ የእኛው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሰው ነኝ። ምጽዋ ስገባ ገና 19 ዓመቴ ነበር። አሜሪካኖች በ1954 ዓ.ም. የሰጡን «ኢትዮጵያ» የምትባል የማሠልጠኛ መርከብ ነበረችን፤ ወጣትነቴ ያለቀው እርሷ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። መርከቧ መቼ እንደምትወጣ ለእኛ የሚነገረን በመጨረሻው ሰዓት ነበር። ከተማው ውስጥ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ግን ከሁለት ቀን በፊት ያውቅ ነበር። ማንም ነግሮት አይደለም፤ የዳቦው ትእዛዝ እጥፍ ሲሆን፣ አጣቢዋ ዘንድ ያለው ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን ሲሰበሰብ፣ እርሱና እርሷ ቡና ላይ ሲገናኙ ነገሩ ያልቅ ነበር። አንቺም ጋጋሪ ሆነሻል፣ አክስትየዋ አጣቢ፤ ፌስቡኩ ደግሞ ቡናው።

ስሙን ከወደቡና ከቀኑ ጋራ አንድ ላይ ማስቀመጥ ለሌባ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ኮል የምትባለው የአሜሪካ መርከብ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2000 እዚህ ማዶ ኤደን ወደብ ነዳጅ ለመቅዳት በቆመችበት ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ተጠግታ መታቻት፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። በፌስቡክ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ ያኔ ፌስቡክም የለም። የቆመ መርከብ ምን እንደሆነ እንድታውቂ ነው።

አራዳ 07

ሰው አታስፈራሩ። እኔ ብሆን ፎቶውን ሐበሻ ያለበት ቦታ ሁሉ ለጥፌ «ይኸን ልጅ ያየ» እላለሁ። አለበለዚያ አዲስ አበባ አሜሪካ ኤምባሲ መደወል ነው፤ እነርሱ ያገኙታል።

የፒያሳ ልጅ፣ ቺካጎ

ወንድሜ፣ በመልካም ልብ እንደጻፍኸው አውቃለሁ፤ ሁለቱም ግን አይሆንም። ፎቶውን መበተን ለሌላ አሥር ሌባ መጥሪያ ነው። ኤምባሲው ደግሞ በባሕር ላይ ያለ መርከበኛን ፈልጎ የማገናኘት ሥራ የለውም።

ትክክለኛው መንገድ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው። ጎንደር ያለውን ቅርንጫፍ ማለቴ አይደለም፣ እርሱ የእኛው የኢትዮጵያ ነው። በቤተሰብ ላይ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ሲደርስ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነገሩን ከሆስፒታሉ አጣርቶ ለልጁ አዛዥ መልእክት ያደርሳል፤ መርከቡ የትም ይሁን። 24 ሰዓት ይሠራል፣ በነፃ ነው። ስልኩ 1-877-272-7337 ነው። ከጎንደር ላይሠራልዎ ይችላል፤ ስለዚህ አክስቱ ከአሜሪካ ትደውል፣ ወይም በድረ ገጻቸው ትሙላ።

አሁን የእኛ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገርዎ። ስሙን ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ያዘጋጁ፤ «ጸ» በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ መምህርት ስለሆኑ ያውቁታል። የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው የአባቱ ይሁን የአያቱ ያረጋግጡ። የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙ፤ በእኛ ቢነግሯቸው ሌላ ሰው ነው የሚፈልጉት። ማዕረጉንና የመርከቡን ስም ይጨምሩ። የእናትዎን ስም፣ የሆስፒታሉን ስልክና የሐኪሙን ስም ያያይዙ፤ ሐኪሙም ከውጭ አገር ስልክ ሊመጣ እንደሚችል ይነገረው፣ ካላነሣ ማጣራቱ ይቆማል። አያቱ በእናት ፋንታ እንዳሳደገችው በግልጽ ይነገር፤ ስለ ፈቃድ ሲወሰን ይኸ ክብደት አለው። ፈቃዱን ግን ቀይ መስቀል አይሰጥም፣ አዛዡ ነው የሚወስነው። ላይለቁትም ይችላሉ፤ አስቀድመው ይወቁት።

ማራኪ ያለሁ እናት

እኔም ልጄ እዚያው አሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ናት፤ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የእርስዎ ሌባ በእኔም በኩል አልፏል። የእኔው «ልጅሽ ስጦታ ልካለች፣ ቀረጡን ክፈይ» ነበር ያለው፤ 14,000 ብር ከፍያለሁ። ለባለቤቴ የነገርሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ይኸን የምጽፈው ሌላ ሰው ብቻውን እንዳያፍር ነው።

ስልክ ጠጋኙ ካለው አንድ ነገር ልጨምር። ለሚቀጥለው ጊዜ ከልጅዎ ጋራ አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ፤ መልሱ የትም ያልተጻፈ። የእኔና የልጄ «የአያትሽ ቀይ ላም ስሟ ማን ነበር» የሚል ነው። ዛሬ ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራል ይባላል፤ ስለዚህ በራሷ ድምፅ ደውላ ብር ብትጠይቀኝ እንኳ ላሟን እጠይቃታለሁ።

ደግሞም ልጁ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብሎ በሚሞላው ቅጽ ላይ የእርስዎ ስልክ መኖሩን ይጠይቁት። የእኔዋ በዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር እንዳለ ጽፋው ነበር፤ ከውጭ አይሠራም። ዜሮው ወጥቶ 251 ይግባበት። ብዙ መርከቦች ላይ ለቤተሰብ መረጃ የሚያስተላልፍ በጎ ፈቃደኛ አለ፣ ብዙ ጊዜ የመርከበኛ ሚስት ናት፤ ያኔ የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ የነበሩት አድሚራል ዙምዋልት እ.ኤ.አ. በ1970 ያስጀመሩት ነው። ልጁ ስምዎንና ኢሜይልዎን ካስመዘገበ ለወላጅም ይጽፋሉ።

ጎረቤትዎ ፎቶ ጭራሽ አይለጠፍም ያለችው ግን አይዋጥልኝም። ልጄ በነጭ ልብሷ የተነሣችው ሳሎኔ ውስጥም አለ፣ ፌስቡኬም ላይ አለ። ኮፍያ የላትም፣ መርከብ አይታይም፣ ቀን የለውም፣ አስተያየት የሚሰጡትም የማውቃቸው ብቻ ናቸው። እናት ልጇን ደብቃ አትኖርም። የማኅበርተኛ ጥያቄ ሲበዛብኝ መልሴ አንድ ነው፤ «ደኅና ናት፣ ባሕር ላይ ናት»። የትኛው ባሕር ሲሉኝ «ውኃው የበዛበት» እላቸዋለሁ።

የምጽዋው

ይኸችኛዋ የእኛ ሰው ብትሆን ኖሮ ማዕረግ እሰጣት ነበር።

የአዘዞዋ እናት

ዘግይቼ ተመለስሁ፤ ይቅርታ። ብሩን አልላክሁም። ሰውየው «እግሩ ይቆረጣል» እያለ ሦስት ቀን ከጻፈልኝ በኋላ ዘጋሁት፤ የሒሳብ ቁጥሩን ለፖሊስ ሰጥቻለሁ። ስልክ ጠጋኙ ሱቁ ድረስ ሄጄ ቴሌግራሜን አስተካክሎልኛል፤ ዋጋ እምቢ ብሎ ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ።

እናቴ ማክሰኞ ጠናባት። አክስቱ ለቀይ መስቀል ደወለች። የመጀመሪያው ቀን በስሙ ተሰናከልን፤ እኔ በአንድ «ኤስ» የጻፍሁት መዝገቡ ላይ በሁለት ነበር። በነጋታው ሐኪሙን አገኙት። ዓርብ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ልጄ ደወለ። ስድስት ደቂቃ። አያቱን በስልኩ አናገራት፤ ዓይኗን ገልጣ «ልብስ ደርብ» አለችው። የት እንዳለ አልጠየቅሁትም፣ እርሱም አልነገረኝም። ፈቃድ አልተሰጠውም።

እግሩን ጠየቅሁት። «የምን እግር?» አለኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በአክስቱ በኩል ልልክለት አስቤያለሁ፤ አጎቱ ደግሞ ትንሽ አረቄ ይጨመርለት ይላል። ይቻላል?

የፒያሳ ልጅ፣ ቺካጎ

ዳቦ ቆሎው በቆርቆሮ ይሁን፣ ሳምንታት ሊንከራተት ይችላል። አብዝተው ይላኩ፤ እርሱ የሚደርሰው ክፍሉ ውስጥ ያሉት ከቀመሱ በኋላ የተረፈው ነው። አረቄ በዚያ ፖስታ አያልፍም፤ አጎቱ ለጤናው ራሱ ይጠጣው። የካርቶኑን ፎቶ ግን፣ እትዬ፣ እባክዎ!