ዳገት ላይ ላለ የጠጠር መንገድ ትራክተሩ ኋላ ምን ይገጠም?

ጠያቂ (ፍሮንት ሮያል፣ ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ቤቶች። ከአሌክሳንድሪያ ወጥተን ገጠር ገብተናል፣ አምስት ኤከር። ከዋናው መንገድ እስከ በራችን መቶ ሜትር የሚሆን የጠጠር መንገድ አለ፣ ዳገት ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጠጠሩ ታች ወርዶ ይከመርና ላዩ ቦይ በቦይ ይሆናል። ባለቤቴ ያገለገለ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ገዝቷል፣ ከፊት ሎደር (የሚያነሳና የሚያጓጉዝ አካፋ) አለው። ሻጩ ደግሞ ከኋላ የሚገጠሙ አራት ዕቃዎች በአንድ ላይ ካልወሰዳችሁ እያለ ነው። ቦክስ ብሌድ፣ ሪር ብሌድ፣ ላንድ ፕሌንና ላንድስኬፕ ሬክ። የምታውቁ እስቲ ንገሩን፣ ሁሉም ያስፈልጋል?

መልስ (ኩልፔፐር)፦

እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ እህቴ። አራቱንም አትግዙ። ሻጭ ምን ቸገረው፣ እሱ መጋዘኑን ማራገፍ ነው የሚፈልገው።

ከዕቃው በፊት ግን ውሃው ይቀድማል። ውሃ መንገዱ መሃል ለመሃል እየሮጠ እስከወረደ ድረስ ምን ብትገጥሙ በሚቀጥለው ዶፍ ያው ነው። ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው ከየት እንደሚገባ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ከጓሮ ወይም ከጣሪያ የሚመጣ ውሃ መንገዱ ላይ ይገባና የመኪና ጎማ የሠራውን መስመር ይዞ ቁልቁል ይነዳል። እዚያ መግቢያው ላይ ቦይ ወይም ቱቦ ከተቀበረ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀጥሎ የመንገዱ ቅርጽ ነው። መሃሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ማለት አለበት። እዚህ አሜሪካ ለጠጠር መንገድ የሚመከረው ልክ 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም በየአንድ ጫማው ግማሽ ኢንች። መንገዳችሁ 10 ጫማ ስፋት ካለው መሃሉ ከጠርዙ ሁለት ኢንች ተኩል መብለጥ አለበት። በዓይን ግምት አይሆንም፣ ክር ወጥራችሁ ለኩት። አንዱ ጎን የኮረብታ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቦዩን እዚያ መያዝም ይቻላል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ዳገት ላይ ያለ መንገድ ከሜዳው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፣ ጠጠሩ ሁልጊዜ ቁልቁል ይሄዳል። ስለዚህ መደልደል ብቻ አይበቃም፣ የወረደውን መልሶ ማውጣት አለባችሁ። ይህን የሚሠራው ቦክስ ብሌድ ነው። እኔ ብሆን እሱን አስቀድማለሁ።

ቦክስ ብሌድ ማለት ከፊትና ከታች ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ነው። ከፊቱ ዝቅ ከፍ የሚደረጉ ጥርሶች አሉት፣ ከኋላቸው ደግሞ ሁለት ስለት፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ የሚያይ። ጥርሱ የደረቀውን ይፈለፍላል፣ ሳጥኑ የተፈለፈለውን ይዞ ይሄዳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ያራግፋል። ምስጢሩ ያለው ቶፕ ሊንክ የሚሉት የላይኛው ዘንግ ላይ ነው። ስታሳጥሩት ሳጥኑ ወደ ፊት ያጎነብስና ጥርሱ ይነክሳል፣ ስታስረዝሙት የኋላው ስለት መሬቱን ይዞ ያለሰልሳል። በጎን ያለውን ዘንግ ስታሳጥሩ ወይም ስታስረዝሙ ደግሞ አንዱ ጎን ዝቅ ስለሚል ያን የ4 በመቶ ዘንበል ታወጡበታላችሁ። እነዚህን ሁለት ዘንጎች ያልነካካ ሰው ቦክስ ብሌድ አይሠራም ብሎ ሲያማርር ነው የሚኖረው።

ስፋቱ የኋላ ጎማዎቻችሁን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ መሸፈን አለበት፣ አለዚያ ያስተካከላችሁትን በገዛ ጎማችሁ ትረግጡታላችሁ። ለትናንሾቹ ትራክተሮች አራት ጫማ ይበቃል፣ ከፍ ላሉት አምስት። ስፋታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ሳጥኖች ከበድ ያለውን ውሰዱ። ቀላሉ ደረቅ ጠጠር ላይ ይዘላል እንጂ አይቆርጥም።

ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ 25 ፈረስ ዳገት ላይ ላይጎትተው ይችላል፣ ጎማው ይሽከረከርና ራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል። ግማሽ ግማሽ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ባለ አራት ጎማውን (አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ማርሽ) አስገብታችሁ። የኋላ ጎማ ውስጥ ፈሳሽ ማስሞላትም ይረዳል። ከስኳር ቀይ ሥር የሚወጣ ጭማቂ ነው እዚህ የሚሞሉት፣ ከውሃ ይከብዳል፣ በክረምቱ ብርድ አይረጋም። ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ግን የጎማ ቤቶቹ መደበኛ ሥራ ነው።

ጉድጓድን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አፉን በጠጠር መድፈን ጉድጓዱን አያጠፋውም። ወለሉ ድረስ ፈልፍላችሁ ከዚያ ነው መልሳችሁ የምትደለድሉት። ኮረኮንች የሆነው ቦታም እንደዚሁ ነው። ሥራውም ዝናብ ዘንቦ በማግስቱ፣ ጠጠሩ እርጥብ ሆኖ ሳይጨቀይ ይሁን። በደረቁ ከሠራችሁት አቧራው ይነሳል እንጂ አይያያዝም።

ሎደሩን ለመደልደል አትጠቀሙበት። አካፋው ያለ ልክ ይነክሳል። በተለይ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ወደ ኋላ መጎተት ፒስተኑን ሊያጣምም ይችላል። ሎደር ለማጓጓዝ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ሪር ብሌድ፣ ሳጥን የሌለው አንድ ስለት ነው፣ በሁለተኛ ደረጃ ይገዛ፣ በአግድም ስለሚዞር ቦይ ለማውጣትና ከጠርዝ ወደ መሃል ለመሳብ የሚያህለው የለም። ሬኩ ሣር ውስጥ የገባ ጠጠር ይለቅማል፣ ለቅንጦት ነው።

ጠጠር ስታዘዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። አገር ቤት ቤት ያሠራ ሰው ሰሌክትና የታጠበ ኮረት አንድ አለመሆናቸውን ያውቃል፣ እዚህም ያው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ 21ኤ የሚባለውን ጠይቁ፣ ከነዱቄቱ የተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ ሲረገጥ ይጠጥራል። 57 ቁጥር የሚባለው ዱቄት የሌለው ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ ዳገት ላይ ግን ይንከባለላል። ክብ ክቡን የወንዝ ጠጠር ጭራሽ አታስቡት። መቶ ሜትር በሦስት ሜትር፣ አምስት ሳንቲም ውፍረት ለማልበስ 15 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፣ ወደ 24 ቶን ማለት ነው። ቅርጹን ሳታስተካክሉ ግን አንድ ገልባጭ እንኳ አታስመጡ።

ሌላ አስተያየት (ሜሪላንድ)፦

ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ለጀማሪ ቦክስ ብሌድ ፈተና ነው። ትንሽ እጅህ ከተሳሳተ መንገዱን ሞገድ በሞገድ ያደርገዋል። እኔ ላንድ ፕሌን ነው የምመክረው። በሁለት የጎን ብረት ላይ እየተንሸራተተ ሁለቱ ስለቶች ከፍ ያለውን ልጠው ዝቅ ያለውን ይሞላሉ። ልጄ እንኳ ይነዳዋል።

መልስ (ኩልፔፐር)፦

ልክ ነህ፣ ቅርጹ ለተስተካከለ መንገድ ከላንድ ፕሌን የሚቀል የለም። እህታችን ያለችው ግን ጠጠሩ ታች ተከምሯል ነው። ላንድ ፕሌን ያንን ተሸክሞ ዳገት አይወጣም፣ ከሥሩ እያሳለፈ ይሄዳል እንጂ። አንዴ ካስተካከሉት በኋላ ለዓመታዊ ጥገናው ቢገዙት አልከራከርም።

ሌላ አስተያየት (ስተርሊንግ)፦

እኔ የምለው ደኅንነቱን ነው። ገጠር ትራክተር ተገልብጦ የሚሞተው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ እዚህ የሚሸጡ አዳዲስ ትራክተሮች በአብዛኛው ከመቀመጫው ኋላ የመገልበጫ መከላከያ ብረት አላቸው። ያገለገለ ስለሆነ የእናንተው መኖሩን አረጋግጡ፣ ታጥፎ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ቀበቶም እሰሩ። ብረቱ ያለ ቀበቶ ዋጋው ግማሽ ነው። ዳገቱን ሽቅብና ቁልቁል እንጂ በጎኑ አትንዱ። አካፋው ጭነት ከያዘ ወደ ላይ በፊት ማርሽ ውጡ፣ ጭነት ይዛችሁ መውረድ ካለባችሁ በኋላ ማርሽ ውረዱ፣ አካፋው መሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ይበል። ስትወርዱም ባለ አራት ጎማውን አታውጡ። የብዙዎቹ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው፣ ኋላው ከቀለለ ደግሞ ፍሬን ረግጣችሁም ትንሸራተታላችሁ።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሁለቱን ብቻ እንወስዳለን፣ ቦክስና ሪር ብሌድ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለበረዶስ?

መልስ (ኩልፔፐር)፦

ለበረዶ ሪር ብሌዱ ይበቃችኋል። መሬቱ ገና በብርድ ካልጠጠረ በስለቱ በኩል ከሄዳችሁ ጠጠሩን ከበረዶው ጋር ጠርጋችሁ ሣር ላይ ትከምሩታላችሁ። ፒኑን ነቅላችሁ ስለቱን ሙሉ በሙሉ አዙሩት፣ የጎበጠው ጀርባው ወደ ፊት ይሁን። እንዲህ ሲሆን ከላይ ይንሳፈፋል፣ አይነክስም። አንድ ኢንች በረዶ ከሥር ይቅር፣ ግዴለም። መሬቱ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሲሆን ወደ ቀድሞው መልሱት።