ፖስትግረስ ለጀማሪ፦ የቱን ልንካ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ነው? ፒያሳ ላለ መድኃኒት ቤት የዕቃ መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው። 8 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ፖስትግረስ የሚባለውን ዳታቤዝ ጫንኩ። የማዋቀሪያ ፋይሉ ግን መዓት መስመር ነው፣ የቱን ነክቼ የቱን ልተው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ አይዞሽ፣ አብዛኛውን አትንኪው። መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አስቀምጪ። ከዛ ሸርድ በፈርስ (shared_buffers፣ ፖስትግረስ ዳታ ለመያዝ የሚወስደው ራም) የሚለውን ፈልጊ፤ ሲጫን 128 ሜጋ ነው፣ ኮምፒውተሩ ለዳታቤዙ ብቻ ከሆነ የራሙን ሩብ፣ 2 ጊጋ አድርጊውና ሰርቪሱን አጥፍተሽ አስነሺው፣ አለዚያ ለውጡ አይሠራም። ማክስ ኮኔክሽንስ (max_connections፣ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው የግንኙነት ብዛት) ሲጫን 100 ነው፣ ይበቃሻል።

ካዛንቺስ፦ ኤፍሲንክን (fsync፣ ዳታው ዲስክ ላይ በትክክል መጻፉን የሚያረጋግጠውን) አጥፊው፣ ይፈጥናል የሚሉሽን እንዳትሰሚ! መብራት ድርግም ሲል ዳታሽ ሊበላሽ ይችላል። ፖስትግረስ ግንኙነት የሚቀበልበትን 5432 ፖርትንም በምንም ተአምር ለኢንተርኔት አትክፈቺ።

ጀማሪዋ፦ ተባረኩ! ካሸሯ ከሌላ ኮምፒውተር ብትገባስ?

ካዛንቺስ፦ ሊስን አድሬስስ (listen_addresses፣ ፖስትግረስ ግንኙነት የሚቀበልባቸው አድራሻዎች) ላይ የሰርቨሩን፣ ማለትም ዳታቤዙ ያለበትን ኮምፒውተር፣ የውስጥ አይፒ ጨምሪ፣ ፒጂ ኤችቢኤ ፋይል (pg_hba.conf፣ ማን መግባት እንደሚችል የሚወስነው) ላይ ደግሞ የእሷን ኮምፒውተር ብቻ ፍቀጂ።