ዲመሬጅ ከፍለን ዲቴንሽን ደግሞ ለምን መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጅቡቲ የገቡ ባለ 40 ጫማ 2 ኮንቴይነሮች ከሞጆ ደረቅ ወደብ አስለቅቀን አዳማ መጋዘናችን አራገፍን። ዲመሬጁን ከፍለናል። ባዶውን ስንመልስ ደግሞ ዲቴንሽን የሚል ሌላ ሂሳብ መጣ። ለአንድ መዘግየት ሁለቴ ይከፈላል?

መልስ 1፦ ብዙ ሰው ሁሉንም ዲመሬጅ ስለሚለው ነው የሚምታታው። ዲመሬጅ ዕቃውን የያዘው ኮንቴይነር ከነጻ ቀኑ (ያለ ክፍያ ከተፈቀደው ቀን) በላይ ወደብ ሲቆም የመርከብ ድርጅቱ የሚያስከፍለው ነው። ዲቴንሽን ከበር ከወጣ በኋላ ባዶው እስኪመለስ ያለው ነው። የወደቡ የቦታ ኪራይ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለዚህ ሁለት ሂሳብ መምጣቱ ብቻውን ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሚሆነው አንዱ ቀን ሁለቱም ላይ ከተቆጠረ ነው። ነጻ ቀኑ ለሁለቱ ተጣምሮ የተሰጠም ከሆነ ወደብ ላይ ያለቀው ቀን ከባዶው መመለሻ ላይ ይቀነሳል። የታሪፉን ወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ።

መልስ 2፦ ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ታሪፉ በደረጃ ነው የሚጨምረው። ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት በቀን 20 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 40 ቢሆን፣ 10 ቀን ላለፈ አንድ ኮንቴይነር 140 እና 120፣ በድምሩ 260 ዶላር ነው፤ ለሁለቱ 520። እሑድና በዓል አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠራል፤ ዓርብ ከሰዓት ወጥቶ ሰኞ የሚራገፍ ኮንቴይነር ቅዳሜና እሑድን በከንቱ ይበላል። ለሚቀጥለው ጭነት ተጨማሪ ነጻ ቀን ከመጫኑ በፊት ጠይቁ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይም ይጻፍ። መርከቡ ከተነሣ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

መልስ 3፦ ባዶውን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ለአፍታ ይዘጋ፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያሳየዋል። ወለሉ ላይ የቀረ ሚስማር፣ እንጨትና ገመድ ይነሣ። ቆሻሻ ነው ተብሎ ከበር ከተመለሰ ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም። የኮንቴይነሩን ቁጥር፣ 4 ፊደልና 7 አሃዝ፣ ከመመለሻ ደረሰኙ ጋር አስተያዩ። አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች መዝገቡ ላይ ኮንቴይነሩ ገና እናንተ ጋ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ወረቀቶቹን አስተያየሁ፤ ዲመሬጁ እስከ ወሩ 12ኛ ቀን ተቆጥሯል፣ ዲቴንሽኑም ከዚያው ከ12 ይጀምራል።

መልስ 1፦ 12 ተደግማለች። ታሪፉ ኮንቴይነሩ ከበር የወጣበትን ቀን ከሁለቱ በየትኛው እንደሚቆጥር እዩና የበር መውጫውን ወረቀት አያይዛችሁ በጽሑፍ እንዲታረም ጠይቁ። በስልክ አይሆንም።