ለጋራ መጠቀሚያ የሚገዛ ኤሌክትሪክ ጊታር ትሬሞሎ ይኑረው ወይስ አይኑረው?

ጥያቄ አቅራቢ (አራት ኪሎ)፦
የወረዳችን ወጣት ማዕከል ለሙዚቃ ክፍሉ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ሊገዛ ስለሆነ፣ ምን ዓይነት ቢሆኑ ይሻላል ሲል የዚህን ቡድን አባላት ምክር ጠይቋል። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ጊታሮቹም በየዕለቱ በብዙ እጅ የሚገላበጡ ናቸው። ስለዚህ የምንከራከረው የትኛው ጊታር ያምራል በሚለው ላይ ሳይሆን፣ ለጋራ የሚውል ጊታር በእጀታ የሚወዛወዝ ብሪጅ (ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ የሚያዙበት ብረት)፣ ማለትም ትሬሞሎ፣ ሊኖረው ይገባል ወይስ ክሮቹ የማይነቃነቅ ብሪጅ ላይ የሚታሰሩበት ይመረጣል በሚለው ላይ ነው። እኔ የማይነቃነቀውን እደግፋለሁ። በዚህ ዓይነቱ ብሪጅ ላይ አንዲት ክር ብትበጠስ የቀሩት አምስቱ ቅኝታቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ሰልጣኙም ምትክ ክር እስኪገኝለት ድረስ ልምምዱን አያቋርጥም። በተንሳፋፊ ትሬሞሎ፣ ማለትም ብሪጁ ገላው ላይ ሳያርፍ ከጀርባ ባሉ ሞላዎች ተመጣጥኖ በሚቆምበት፣ ላይ ግን አንዷ ስትበጠስ ሞላዎቹ ብሪጁን ወደ ኋላ ስለሚስቡት የቀሩት አምስቱ በሙሉ ከቅኝታቸው በላይ ይወጣሉ፣ ጊታሩም ለዚያ ቀን ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

የመድረክ ተጫዋች (ፒያሳ)፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በዚህ አልስማማም። እነዚህ ልጆች ነገ መድረክ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ጊታር በአብዛኛው የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ነው፤ ስትራቶካስተር ደግሞ ሊዮ ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ጊዜ ጀምሮ በትሬሞሎው የሚታወቅ ጊታር ነው። ከዚህም ሌላ የሙያው ጉዳይ አለ። የማሲንቆን ልቅሶ በጊታር ለማምጣት የሚጥር ተጫዋች አንዲቱን ክር በግራ ጣቱ ገፍቶ ሊያስለቅሳት ይችላል፤ ሦስትና አራት ክሮችን አንድ ላይ ዝቅ አድርጎ መልሶ ማንሳት ግን ያለ እጀታ አይሆንለትም። ያበላሹታል ብለን የምንነፍጋቸውን ነገር የት ሄደው ይማሩት?

የማዕከል አሰልጣኝ (ካዛንቺስ)፦
በማስተምርበት ክፍል የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሰልጣኙ ወፍራሙን የኢ ክር ዝቅ ብሎ ያገኘውና ያጠብቀዋል። ክሩ ሲወጠር ብሪጁን ወደ ፊት ይስበዋል፤ ብሪጁ ወደ ፊት ባዘነበለ መጠን ደግሞ የቀሩት አምስት ክሮች ይላላሉ። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ወደሚቀጥለው የኤ ክር ያልፋል፣ ያንንም ያጠብቃል፣ ቅድም ያስተካከለው ኢ ግን ተመልሶ ወርዷል። ስልኩ ላይ ያለው መቃኛ ለአንድ አፍታ አረንጓዴ አብርቶ መልሶ ቀይ ይሆንበታል። እንዲህ ሲመላለስ ቆይቶ ቀጭኗን ክር ከመጠን በላይ ሲያጠብቃት ጧ ብላ ትበጠሳለች። እኔን የሚያሳስበኝ የክሯ ዋጋ ብቻ አይደለም። ልጁ ጥፋቱ የጆሮው ይመስለውና ከዚያ በኋላ ጊታር መቃኘት የመምህር ሥራ ነው ብሎ እጁን ይሰበስባል።

የመሣሪያ ጠጋኝ (ሜክሲኮ)፦
መምህርት የገለጹት ነገር ብልሽት አይደለም። ተንሳፋፊ ትሬሞሎ እንደ ሚዛን ነው፤ በአንድ በኩል ስድስቱ ክሮች፣ በሌላው በኩል በጊታሩ ጀርባ ያሉት ሞላዎች ይጎተታሉ፣ ብሪጁም ሁለቱ እኩል በሆኑበት ቦታ ላይ ይቆማል። የተለመደው ባለ 9 የክር ጥቅል፣ ማለትም ከ9 እስከ 42 የሚባለው (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ናቸው)፣ በስትራቶካስተር የክር ርዝመት ላይ በመደበኛ ቅኝት ሲወጠር በድምሩ ወደ 39 ኪሎ ያህል ይስባል። ከ10 እስከ 46 ያለው ደግሞ ወደ 47 ኪሎ ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ ባለ 9 አልቆ ባለ 10 የገዛ ሰው፣ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ሞላዎቹ የተያዙበትን ብረት የሚጎትቱትን ሁለት ቪቴዎች በካቻቢቴ ካላጠበቀ፣ ብሪጁ ወደ ፊት ተነሥቶ ይቀራል፤ ክሮቹም ከአንገቱ ርቀው ለጣት ይከብዳሉ። «ትሬሞሎው ተበላሸ» ተብሎ እጄ ከሚገባው ሥራ ብዙው ይኸው ነው።

ክር ሲቀየርም አንዱን አውልቆ ሌላውን ተክቶ፣ ወደ ቅኝቱ አስጠግቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ማውለቅ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) ለማጽዳት፣ ሞላዎቹ ብሪጁን ወደ ኋላ እንዳይጥሉት ከብሪጁ ጅራት ሥር ልክ የሆነ እንጨት ወይም የታጠፈ ካርቶን ይገባል። አዲሶቹ ክሮች በእጅ ቀስ ተደርገው ይሳባሉ፣ እንደገና ይቃኛሉ፣ ከዚያም ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ደጋግሞ መዞር ነው። በእያንዳንዱ ዙር ስህተቱ እየጠበበ ይሄዳል። መምህርት፣ ልጆቹ ይህ ቢነገራቸው የሚደናገጡ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በትሬሞሎ ላይ ከሚወርደው ስድብ ግማሹ የሚገባው ለነቱ ነው። እጀታው ተጭኖ ሲለቀቅ ክሩ በአንገቱ ጫፍ ባለው ነት ቦይ ውስጥ ከተያዘ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቅኝቱም ከፍ ብሎ ይቀራል። መቃኛውን ስታዞሩ «ትክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሩ ተይዟል ማለት ነው። የተሳለ እርሳስ ቦዩ ውስጥ ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሙዚቃ ተማሪ (ስድስት ኪሎ)፦
ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው ከተራው ትሬሞሎ ነው። ለምን ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ባለ ቁልፍ ትሬሞሎ ያለው ጊታር አይገዛም? ክሮቹ በነቱም በብሪጁም ላይ ተቆልፈው ስለሚያዙ እጀታውን ምንም ቢጫኑት ቅኝቱ አይናወጥም። እንዲያውም ሰልጣኞቹ መቃኛዎቹን እየነካኩ ሊያበላሹት ስለማይችሉ ለጋራ መጠቀሚያ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

የመሣሪያ ጠጋኝ (ሜክሲኮ)፦
ወንድሜ፣ ቅኝት በመያዝ በኩል ያልከው ልክ ነው። ክር መቀየሩን ግን አስበው። በክሩ ጫፍ ያለችው የናስ ፍሬ በፒንሳ ትቆረጣለች፤ የተቆረጠው ጫፍ ብሪጁ ላይ ካለች ትንሽ ብረት ሥር ገብቶ በ3 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይጠብቃል። ብሪጁ ላይ ያሉት ረቂቅ መቃኛዎች መሐል ላይ ተደርገው ክሩ በዋናው መቃኛ ይቃኛል፣ ይሳባል፣ እንደገና ይቃኛል። ነቱ የሚቆለፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የቀረውም በረቂቆቹ ይስተካከላል። ረቂቆቹን መጨረሻቸው ላይ ሳሉ ነቱን የቆለፈ ሰው ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። በማዕከሉ ያ ቁልፍ የጠፋ ዕለት ማን ክር ይቀይራል? ደግሞም ፍሎይድ ሮዝ በአብዛኛው ተንሳፋፊ ሆኖ ስለሚገጠም፣ ክር ሲበጠስበት ጋሼ የፈሩት ነገር እሱም ላይ ይደርሳል።

ቢግስቢ የሚባለውን፣ ክሮቹ በሚዞር ዘንግ ላይ የሚሰኩበትን ሌላ የትሬሞሎ ዓይነት የሚያነሳ እንዳይኖርም አስቀድሜ ልበል፤ የናስ ፍሬዋን በዘንጉ ላይ ባለች ሹል ላይ ሰክቶ፣ መቃኛው እስኪዞር ድረስ እንዳትወልቅ በጣት ይዞ መቆየት ለጀማሪ ፈተና ነው። የክሩን ጫፍ አስቀድሞ በፒንሳ ማጉበጥ ቢረዳም።

የማዕከል አሰልጣኝ (ካዛንቺስ)፦
ታዲያ መሐል መንገድ የለም?

የመሣሪያ ጠጋኝ (ሜክሲኮ)፦
አለ። ተራውን ባለ ስድስት ቪቴ ትሬሞሎ ገዝቶ ማሳረፍ ነው። የሞላዎቹ ጉልበት ከክሮቹ እስኪበልጥ ድረስ የጀርባው ብረት ይጠብቃል፤ ካስፈለገም አምስቱም ሞላ ይገጠማል። ያን ጊዜ ብሪጁ በጊታሩ ገላ ላይ ድፍት ብሎ ይቀመጣል። እጀታው ወደ ታች ይሠራል፣ ወደ ላይ አይሠራም። ክር ቢበጠስ ብሪጁ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለ የቀሩት አይናወጡም። ዘፋኝ መጥቶ «ዛሬ ድምፄ ደክሟል፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ በሉልኝ» ቢልም ስድስቱን ክር አላልቶ መቃኘት ብቻ ነው፤ ተንሳፋፊው ላይ ግን ሞላውንም አብሮ ማስተካከል ግድ ይላል።

የመድረክ ተጫዋች (ፒያሳ)፦
ይህ ለጀማሪ ይበቃል እላለሁ፤ ትሬሞሎን አስተማርን ማለት ግን አይደለም። በተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ ክሩን ከቅኝቱ በላይና በታች ማርገብገብ ራሱን የቻለ ስልት ነው፤ ብሪጁ ካረፈ ያ ይቀራል። ሁለት ጊታር የሚገዛ ከሆነ አንዱ ይንሳፈፍ፤ ቢያንስ ከጀማሪው ደረጃ ያለፉት ልጆች መምህርት አጠገባቸው ሆነው ይቃኙት።

የማዕከል አሰልጣኝ (ካዛንቺስ)፦
በአንድ ክፍለ ጊዜ ያሉኝን ሰልጣኞች ቁጥር ቢያዩት ይህን አይሉኝም ነበር። አጠገባቸው የምሆነው መቼ ነው? ሁለቱም ይረፉ። ከጀማሪ ያለፈ ልጅ ሲገኝ የአንደኛውን ቪቴ ማላላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ያደረግሁ ዕለት አብሬው ተቀምጬ አስተምረዋለሁ።

ጥያቄ አቅራቢ (አራት ኪሎ)፦
እኔ አሁንም የማይነቃነቀው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ማዕከሉ ቪቴ የሚያጠብቅ ሰው ዘወትር ይኖረዋል ብዬ ስለማላምን። ሆኖም ከዚህ ቡድን የተሰጠው አብዛኛው ሐሳብ ያረፈውን ትሬሞሎ ስለሚደግፍ፣ ለማዕከሉ የምጽፈው ይህንኑ ይሆናል፤ የፒያሳው ወንድማችን ተቃውሞም በደብዳቤው ላይ ይሰፍራል። ጠጋኙ፣ ገዢዎቹ ሱቅ ሲገቡ ምን ይመልከቱ?

የመሣሪያ ጠጋኝ (ሜክሲኮ)፦
ሻጩ ፊት የጀርባውን ክዳን አስከፍተው ሞላዎቹን ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሦስት ነው፤ ለማሳረፍ ትርፍ ሁለት ይጠይቁ። እጀታው ከነጥርሱ መኖሩን፣ ገብቶ ሲዞርም የማይንቀጠቀጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ክሮቹም እዚያው ይቃኙና እጀታው ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይለቀቅ፤ ከዚያ በኋላ ከቅኝቱ የወጣውን ጊታር፣ ነቱ እስኪታይ ድረስ፣ ገንዘብ አይክፈሉበት።